ለአንተ የተሠራችው ሄሊኮፕተር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከአባባ ቀብር ስንመለስ፣ ዝናቡ ጃኬትህን አበስብሶት፣ የግቢው በር ላይ አቁመኸኝ አንድ ነገር ጠየቅከኝ። «ስለ እኔ ጠይቀው ያውቃሉ?» አልክ። እኔም ዓይንህን ሳላይ፣ «መጨረሻ ላይ ራሳቸውን አያውቁም ነበር» አልኩህ። ራስህን ነቅነቅ አድርገህ ሻንጣህን አነሣህና ወደ መናኸሪያው ሄድክ። ሻይ እንኳ ሳትቀምስ።

ዋሽቼሃለሁ። አባባ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ራሳቸውን ያውቁ ነበር። ስለ አንተ ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀንም አልነበረም። ይህ ከሆነ እነሆ አርባ ሦስት ቀን ሞላው። በእነዚህ ቀናት ስልክ እያነሣሁ አስቀምጫለሁ። በስልክ ብነግርህ መሃል ላይ ድምፅህን ስሰማ ነገሩን እንደማለዝበው ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ረጅም ነው፤ ተቀምጠህ አንብበው።

አባባ ጡረታ የወጡት አንተ ከቤት በሄድክ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሄሊኮፕተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው አንድ ሰኞ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት አጡ። ጋራዡ ውስጥ «ጆሮው» ይሏቸው ነበር፤ አንተም አብረሃቸው ስለሠራህ ታውቃለህ። ሞተር ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው፣ «ከኋላ በኩል የላላ ነገር አለ» ካሉ፣ አለ ማለት ነው። ቤት ሲውሉ የሚሰሙት አጡ። የፍሪጁን ድምፅ አልወደዱትም፤ ፈቱት። ቀጥለው የጎረቤትን የውኃ ፓምፕ በግድግዳ አዳምጠው ሄደው በር አንኳኩ። ሴትዮዋ ፓምፗ እንደታመመ ከማታውቀው ሰው በመስማቷ ተቀየመች።

«አባባ፣ እባክዎ አንድ ነገር ይያዙ፤ አለዚያ ሰፈሩ ሊለቅብን ነው» አልኳቸው።

የያዙት ነገር ይቺ ሄሊኮፕተር ሆነች። በእግራቸው ሲንሸራሸሩ፣ የተዘጋው የክር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ በሪሞት የሚበርሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያበርሩ ሰዎች አገኙ። ከእነዚያ አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት ተነሥቶ ስለማያውቅ ጓደኞቹ «ካፒቴን» ይሉታል። ለአባባ አንዲት አሮጌ የሪሞት ሄሊኮፕተር ሰጣቸው። ቀፎ የላትም፤ ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍና ቀጭኗ ጭራ ብቻ ናቸው። አባባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሲያገላብጧት ዋሉና፣ «ራቁቷን ናት። ልብስ ያስፈልጋታል» አሉ።

ልብሱ አምስት ዓመት ፈጀ።

ያሰቡት እውነተኛይቱን ሄሊኮፕተር ስምንት ጊዜ አሳንሰው፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ልኳን ጠብቀው ቀፎዋን ሊሠሩ ነው። ሞተሩና ማርሹ ያሉበት አጽሟ ከቀፎው ውስጥ ይገባና ስትነሣ ከሩቅ የሚያያት ሰው እውነተኛይቱ ናት እንዲል። በእማዬ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ከእንጨት ቅርጿን ጠረቡ፤ በጄሶ ሻጋታ አወጡላት። የቀረው ፋይበርግላስ የሚሉትን የመስታወት ጨርቅ ሻጋታው ላይ እያነጠፉ፣ ሬዚን በሚሉት ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ማጠጣት ነበር። ከሥራ ስገባ ቤቱ በሬዚን ሽታ ታፍኖ አገኘሁት።

«አባባ፣ ሬዚኑ በዝቷል። ሲደርቅ ይግልና ይሰነጠቃል» አልኳቸው።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉና ቀጠሉ።

ጠዋት ስንነሣ ከመሃል ተሰንጥቋል። ቁመው ሲያዩት ቆዩና፣ «ይህን የት ነው የተማርሽው?» አሉኝ።

«ጥርስ ስሠራ ነዋ። ሰው ሠራሽ ጥርስም የሚፈሰው በሻጋታ ነው።»

«እንግዲያው ጥርስ ማለት ትንሽ ቀፎ ናት በይኛ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደስ ያላቸው ጊዜ «ወይዘሮ ጥርስ» ይሉኝ ጀመር። ሲያዝኑብኝ ደግሞ በስሜ።

አንተ ስትሄድ ዓይናቸው ደህና ነበር። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ቀስ ብሎ የሚገባ ሌባ ነው፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ወሰደባቸው። እኔ ያወቅኩት ካቻቢቴውን ከጎናቸው አስቀምጠው ሲፈልጉት ሳይ ነው። እሳቸው ግን ቀድመው ያውቁ ኖሯል። ሐኪም ጋ ስወስዳቸው የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደማይቆይ ነገረን። ቤት ገብተው ካፖርታቸውን ሰቀሉና ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው፣ «በይ ነይ፣ እጅሽን አበድሪኝ» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ በሕይወቴ አባባ የእኔን እጅ ሲፈልጉ ያ የመጀመሪያው ነበር። አንተን ከትንሽነትህ ጀምሮ ጋራዥ ይዘውህ ይሄዱ ነበር። ፒንሳ አቀብል ብለው የሚጠሩት አንተን ነው። እኔ ከእማዬ ጋር እቀራለሁ። እማዬ ካረፈች በኋላ ደግሞ ብቻዬን። ስለዚህ ያን ቀን «እጅሽን» ሲሉኝ፣ ዓይናቸው እየጠፋ መሆኑን እያወቅኩ፣ ደስ አለኝ። ይህንንም ልንገርህ፤ አንዱን ከደበቅኩ ሌላውንም እደብቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ሁለቱን ግማሽ ቀፎዎች አጋጠምን። አጽሙ የሚያርፍበትን የእንጨት ቀለበት ቆረጥን። መስኮቶቹን የሠራኋቸው በሥራ ቦታዬ ነው። ለጥርስ መከላከያ ፕላስቲክ የምናሞቅበትና አየር መጥጦ በቅርጽ ላይ የሚለጥፍ ማሽን አለን፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ የአብራሪውን መስታወት አወጣበት ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ መጥቶ፣ «ይህ የማን መንጋጋ ነው?» አለኝ። «የአባቴ» አልኩት። አንዴ አገላብጦ አይቶት መልሶ ሰጠኝ።

የሪቬቱን ሥራ ብታይ ትስቅ ነበር። እውነተኛዋ ላይ ቆርቆሮው የተያያዘበት የሪቬት ምስማር ራስ ሁሉ የእኛዋም ላይ እንዲኖር ፈለጉ። በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ ሙጫ እያስቀመጥኩ፣ ሲደርቅ እንደ ሪቬት ራስ ብቅ ይላል። ከሁለት ሺህ በላይ ጠብታ ነው፤ አንድ ዓመት ጨረሰብኝ። አባባ ያን ጊዜ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም። ተራውን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ ያነቡት ነበር።

«ከበሩ በላይ አሥራ ሁለተኛዋ የለችም።»

«ማን ያያታል አባባ?»

«እኔ አየኋት እኮ።»

ስቸኩል ደግሞ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። አንድም ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ደህና ሲሆን «ይሁን» ይላሉ። እኔ ያን «ይሁን» ስጠብቅ እውል ነበር።

ባለፈው ዓመት ለቀለም ደረስን። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ቀይ፤ ሆዷ ነጭ» አሉ። ጭራዋ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝ። ከዚያ የግራውን በር አስይዘውኝ በጣታቸው አንድ ቦታ አሳዩኝና፣ «እዚህ ጋ የእጅ መዳፍ የምታህል ጥጋኝ አለች። ልኳ በስምንት ሲካፈል የአውራ ጣት ጥፍር ትሆናለች። አስገቢያት» አሉ።

«ለምን የተጠገነውን እንሠራለን? አዲሷን እንሥራ እንጂ።»

«አዲሷ አይደለችም እሱን የወሰደችው» አሉ።

ያኔ ገባኝ። አንተ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ ትርፍ አንጀትህ ፈንድቶ የወሰደችህ የሆስፒታሉ ሄሊኮፕተር ናት። አባባ ያን ቀን ተረኛ ነበሩ፤ ሲጣደፉ የመሣሪያውን ጋሪ ከበሩ ጋር አጋጭተውት ነው ያ ጠባሳ የቀረው። አንተ ምናልባት አታስታውሰውም። እኔ አስታውሳለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንተን በቃሬዛ አስገቡህ፤ እማዬ ገባች፤ አባባ ገቡ። እኔ የጎረቤት ሴትዮ እጅ ይዤ መሬት ላይ ቀረሁ። ቦታ አልነበረም። ትክክል ነው፤ ልጅ እየሞተ ለጤነኛ ቦታ አይፈለግም። ግን ነፋሱ ቀሚሴን ሲያወዛውዘው ቆሜ፣ ሦስታችሁም ስታንሱ ስታንሱ ጠፋችሁብኝ።

«ታዲያ ለማን ነው የምንሠራት?» አልኳቸው።

«ለወንድምሽ ነዋ» አሉ፤ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ሆኖባቸው።

ብሩሹን አስቀምጬ ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ የመዳቡን ወገን ሆኖ መስማት ሌላ ነው።

በሳምንቱ አስቀመጡኝና መልእክት ጻፊልኝ አሉ። ከአንተ ጋር ያጣላችሁን ነገር እኔ ልደግምልህ አያስፈልግም፤ አንተ ትኖርበታለህ። ፈረቃው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የጭራውን ማርሽ ክዳን ሳትከፍት «ከፍቼ አይቻለሁ» ብለህ ፈረምክ። በማግስቱ አባባ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚሰነጠቀው፣ ብሎኖቹ ላይ የተቀባው የቀይ ቀለም መስመር እንዳልተሰነጠቀ አዩ። የፈረምክበትን ወረቀት ይዘው በቀጥታ ወደ አለቃው ሄዱ። አንተም ባልደረቦችህ ፊት ተጠርተህ የሥራ ፈቃድህ ተነጠቀ። «ልጁን ለወረቀት የሸጠ አባት» ብለህ በሩን ዘግተህ ስትወጣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባባም ሰምተውሃል። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዴም አላነሡትም።

ያስጻፉኝን ቃል በቃል እሰጥሃለሁ። ስልኬ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ አልሰረዝኩትም።

«ልጄ፣ አባትህ ነኝ። ወረቀቱን ለአለቃው መስጠቴ ስህተት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን እሰጠዋለሁ፤ ሰው ይሳፈርበታል። ግን መጀመሪያ ወደ አንተ መምጣት ነበረብኝ። በር ዘግቼ፣ አስቀምጬህ፣ ልነግርህ፤ ከዚያ አብረን ልንሄድ ይገባ ነበር። አንተን ሳልሰማ በሰው ፊት በቱታህ አስቆምኩህ። ጥፋቴ እሱ ነው። ዓይኔ ጠፍቷል። ስትመጣ ከበሩ ላይ ጥራኝ፤ ድምፅህን አልረሳሁትም። የምሰጥህ ነገር አለኝ።»

ጨርሰው፣ «ላክሽው?» አሉኝ።

ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያጠበ፣ ያበሰለ፣ መድኃኒት የጠበቀ እጅ የእኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለእኔ የተጻፈ እንዲህ ያለ ቃል የለም። አንተ ደግሞ አጥፍተህ፣ ተሳድበህ፣ ሄደህ፣ ይቅርታ እየተለመንክ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈብኝና፣ «ላክሁት» አልኩ።

ነገ እልከዋለሁ ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው። ነገ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። «መለሰ?» አሉኝ። «አልመለሰም» አልኩ። አንዴ «አልመለሰም» ካልኩ በኋላ እንዴት ብዬ ልላከው? መልስ ብትሰጥ መልእክቱ የተላከበት ቀን ይጋለጣል። ውሸት ሌላ ውሸት ካልወለደች አትኖርም። በየቀኑ ጠዋት ሻያቸውን ሳቀርብ «መለሰ?» ይላሉ፤ እኔም «አልመለሰም» እላለሁ። በሥራ ብዛት ይሆናል እያሉ ራሳቸው ምክንያት ይፈልጉልህ ጀመር። በኋላ ምክንያቱም አለቀባቸው።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። በወሩ ገደማ ሥራ ቦታ ደወልክልኝ። ዓይናቸው መጥፋቱን ከአንድ የድሮ ባልደረባህ መስማትህን ነገርከኝ። «ብመጣ ያስገቡኛል?» አልክ። ድምፅህ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። እኔ የሰው የጥርስ ሻጋታ በእጄ ይዤ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ስምህ ሲነሣ አይወዱም። ትንሽ ይቆይ» አልኩህ። አንተም «ይገባኛል» አልክ። ምንም የሚገባህ ነገር አልነበረም። እኔ ነበርኩ ያልገባኝ።

ሄሊኮፕተሯ አለቀች። ለአንተ ከመሰጠቷ በፊት መሞከር አለባት አሉና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካፒቴን መጥቶ ወደ ፋብሪካው ግቢ ወሰደን። አባባን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። አጽሟን ከቀፎው ውስጥ አስገብተን፣ አፍንጫዋን በማግኔት ገጥመን፣ ሚዛኗን በጣት ከፍ አድርገን አየን። ካፒቴን መቆጣጠሪያውን በሁለት እጁ ያዘ። «ይቺን ብሰብር ከሁለታችሁም አገር አልኖርም» አለ።

ተነሣች። መጀመሪያ አቧራውን በትና ትንሽ ተንገዳገደች፤ ከዚያ ቀና አለች። ቀይ ሆና፣ ሆዷ ነጭ ሆኖ፣ ከጣሪያው በላይ ስትዞር እኔ አንገቴን አቅንቼ የስድስት ዓመቷን ልጅ ሆኜ ቀረሁ። አባባ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ለማያይ ዓይን መጨፈን ለምን እንዳስፈለገ እንጃ።

«ትሰሚያለሽ? ቀፎው የማርሹን ጩኸት ዋጠው። አሁን ገና ሄሊኮፕተር ሆነች» አሉ። ቀጥለው፣ «መልእክቴ ደርሶት ቢሆን ዛሬ እዚህ ነበር» አሉ።

ሄሊኮፕተሯን በዓይኔ ተከተልኩ። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ሞተሩ እስኪጠፋም ወደ ሰማይ አልመለሱትም። ወንድም ጋሼ፣ ያን ጊዜ እንዳወቁ አሁን ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ጉንፋን መስሎን የነበረው ሳንባቸው ላይ ወርዶ ሆስፒታል አስገባኋቸው። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነርሷ መድኃኒት ሰጥታ ስትወጣ፣ «በሩን ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት። «ተቀመጪ» አሉ። ተቀመጥኩ።

«መልእክቱን አልላክሽውም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ወለሉን እያየሁ፣ «በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«በየጠዋቱ 'መለሰ' ስልሽ፣ 'አልመለሰም' ከማለትሽ በፊት ትንፋሽ ትሰበስቢያለሽ። እውነት ለመናገር ትንፋሽ አይሰበሰብም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?»

ሳል አቋረጣቸው። እስኪያልፍ ውኃ ያዝኩላቸው። «አንዴ ቸኩዬ ልጄን አጥቻለሁ» አሉ። «አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ልጠብቅ ብዬ ነበር። አሁን ግን ጊዜ አነሰኝ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ባይቆጡኝ ጊዜ ያ ሁሉ የታመቀው በአፌ ወጣ። «ለእኔ አንድ ነገር ሠርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ለሚሞት ሰው እንዲህ ይባላል? አልኩት ግን።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተኙ መስሎኝ ነበር። «ለእሱ ነው የሠራሁት» አሉ በመጨረሻ። «የሠራሁት ግን ከአንቺ ጋር ነው። አምስት ዓመት። እኔ እንዲያልቅ ፈልጌ አላውቅም፤ እንዳያልቅ ነበር ሪቬቱን ያበዛሁብሽ።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ጣቴን እንደ ቀፎው ተራ በተራ ሲዳስሱ ቆዩና፣ «በይ አሁን ደውይለት» አሉ።

ኮሪደር ወጥቼ የደወልኩልህ ያኔ ነው። «አባባ ታመዋል፣ ድረስ» ብቻ ነበር ያልኩህ። ስልኩን ይዤ ገብቼ ጆሯቸው ላይ ማስጠጋት ይቻል ነበር። አሥር እርምጃ ነው። አላደረግኩም። እሳቸው እየሰሙ፣ «አይወዱህም ብለሽኝ አልነበር?» እንዳትለኝ ፈራሁ። ያን የስልክ ነገር አልነገርኳቸውም ነበር፤ እስከ መጨረሻም አልነገርኳቸውም። ወንድም ጋሼ፣ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መልእክቱን ባልልከውም ይቅር ብለውኛል። ድምፅህን ግን በአሥር እርምጃ ከለከልኳቸው፤ ለዚህ ይቅር የሚለኝ የለም።

ገብቼ፣ «ይመጣል፤ በጠዋቱ አውቶቡስ ይነሣል» አልኳቸው። አንገታቸውን አዘንብለው አዳመጡኝ። «እውነት ነው» አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ በተከፈተ ቁጥር ራሳቸውን ከትራሱ ቀና ያደርጉ ነበር። ነርሷ ስትገባ፣ ምግብ አከፋፋይዋ ስትገባ፣ የጎን በሽተኛ ዘመድ ሲገባ። ከእኩለ ቀን በፊት ቀና ማለቱን ተዉት። አንተ የደረስከው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣህን ይዘህ ባዶውን አልጋ ስታይ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ።

እንግዲህ ይኸው ነው። በሩ ላይ ስትጠይቀኝ ይህን ሁሉ መናገር አቃተኝና፣ የሞተን ሰው ራሱን አያውቅም ነበር ብዬ በላዩ ዋሸሁ። አንተ ያላየኸውን አይቻለሁ ብለህ ፈረምክ፤ እኔ የሰማሁትን አልሰማሁም አልኩ። አንተ ሰባት ዓመት ተቀጣህበት። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ በሰው ፊት አልቆምኩም። ለዚህ ነው ራሴን አንተ ፊት ያቆምኩት።

ሄሊኮፕተሯ ጠረጴዛው ላይ ናት። በልብስ ሸፍኛታለሁ። ካፒቴን ባትሪዋን ነቅሎ ለብቻ አስቀምጦልሃል። የአንተ ናት፤ ከመጀመሪያውም ያንተ ነበረች። በዕቃ ማመላለሻ ልልካት አልደፈርኩም፤ ጭራዋ ይሰበራል። መጥተህ ውሰዳት። እኔን ማየት ካልፈለግክ ቀኑን ብቻ ንገረኝ፤ ቁልፉን ከጎረቤት ትቼ እወጣልሃለሁ። ከውስጥ በግራ በኩል፣ ከወለሉ ሥር፣ አንዲት የሪቬት ጠብታ ያላደረግኩበት ባዶ ቦታ አለ። አባባ ሳያገኟት ያለፏት እሷ ብቻ ናት። እንድታውቀው ብዬ ነው፤ የመሣሪያውን ጉድለት አለመናገር በቤታችን ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምም። ብትቆጣኝም ይገባኛል፤ ቁጣህን ግን በደብዳቤም ሆነ በስልክ ላክልኝ፤ ዝም ብቻ አትበለኝ። በዚህ ቤት ዝምታው በቂ ነው።

ካፒቴን ሐሙስ ወደ አንተ ከተማ ይሄዳል፤ ልጁ እዚያ ወልዳለች። ይህን ደብዳቤ አሽጌ ዛሬ በእጁ እሰጠዋለሁ። ከእኔ ዘንድ ሦስት ቀን ቢያድር የሚደርስበትን አውቃለሁ። ስለዚህ ነግሬዋለሁ፤ ተጸጽቼ፣ አልቅሼ፣ መልስልኝ ብዬ ብለምነውም እንዳይመልስልኝ፣ በእጅህ እስኪያደርሰው ድረስ።

ታናሽ እህትህ